ሳር የተነጠፈበት ማረፊያ

ሰኞ ጠዋት፣ ሲቀላ መናኸሪያ

ከአርባ ምንጭ የተነሳሁት አንድ ሜዳ ለማየት ነው። ሜዳውን ረግጬ፣ ለክቼና ፈትሼ፣ ትንሽ አውሮፕላን ሊያርፍበት ይችል እንደሆነ ያየሁትን በስልክ ለአብራሪዋ መንገር ነበር ሥራዬ። ቦታው ከካምባ በላይ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። ድሮ መድኃኒት የሚያወርዱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ያርፉበት ነበር። መኪና መንገድ ሲገባ ተረሳ። ዘንድሮ ዝናቡ መንገዱን ሲንደው እንደገና ታወሰ።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላለችው ትንሽ ድርጅት ነው። ነዳጅ እቀዳለሁ፣ ጭነት እመዝናለሁ፣ አውሮፕላኗን አጥባለሁ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አብራሪዋ ካፒቴን ሮማን ግን መንግሥት ለአብራሪዎችና ለአውሮፕላን ባለቤቶች የሚያወጣውን የደህንነት መመሪያ እንዳነብ ፈቀዱልኝ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ፣ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን እያሰብኩበት ነው የጨረስኩት። ስለ ደመና፣ ስለ ክብደት፣ ከአባያ ዳርቻ እንደሚነሱት ዓይነት ወፎች ስለሚያደርሱት አደጋ ይናገራል። አስፋልት ስለሌላቸው ማረፊያዎችም ሰፊ ክፍል አለው። አብራሪው ከመሄዱ በፊት ሜዳውን በእግሩ ያየ ሰው ሊኖር ይገባል ይላል። በዚህ ጉዞ ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ሜዳው የተፈለገው ምህረት ለምትባል ነፍሰ ጡር ነው። የእንግዴ ልጁ የማህፀኗን በር ዘግቶታል፤ ያለ ቀዶ ጥገና መውለድ አትችልም። አንድ ጊዜ ደም ፈሷት ቆሞላታል። በቃሬዛ ስትንገላታ እንደገና ቢጀምራት መንገድ ላይ የሚያቆምላት የለም። ያለችበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ከሜዳው አጠገብ፣ ከተናደው መንገድ ወዲያ ማዶ ነው። ካፒቴን ሮማን ስሄድ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። «ኤልያስ፣ ያየኸውን ንገረኝ። ብታዝንላትም የምትመኘውን እንዳትነግረኝ።»

ሚኒባሱ ሲሞላ ተነሳን። የኩልፎ ወንዝን ድልድይ ስንሻገር የሙዝ ዘለላ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ይዘውት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ለካምባ ገበያ ፕላስቲክ ሳፋዎች ይዟል፤ ግማሾቹ እኔ ጭን ላይ ናቸው።

«ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ።

«ሜዳ ለማየት ነው።»

«ኳስ?»

«አይ። አውሮፕላን ያሳርፍ እንደሆነ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እና ፈቃጁ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ተናጋሪ ነኝ።»

«እስካሁን ሦስት ቃል ነው የተናገርከው» አለና አንድ ሳፋ ጨመረልኝ።

ወደ ገረሴ የሚወስደው ዳገት ላይ፣ ከአንዱ መታጠፊያ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ከወዲያ አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በሁለቱ መሃል ሰዉ የእግዜር ድልድይ የሚለው ቀጭን መሬት በደን ተሸፍኖ ይታያል። የተወለድኩት ከሥሩ ነው፤ ሁለቱን ሐይቆች በአንድ እይታ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ካፒቴን ሮማን ይህን በየቀኑ ከላይ እያዩ እንዴት ዝም ብለው ምሳቸውን እንደሚበሉ ገረመኝ።

ገረሴ ላይ ቆመን ኩርኩፋ በላሁ። የበቆሎው ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ፣ ጎኑ ላይ ዳጣ ያለበት፣ ስድሳ ብር ነው። ዳጣው ያቃጥላል፤ ከብርዱ ጋር ግን ይስማማል።

ከሰዓት፣ ካምባ

ካምባ ስደርስ ፕላስቲክ ቦቲ ያደረገ፣ ጃኬቱ ጭቃ የነካው ሰው ሳፋ ተሸክሜ ስወርድ አየኝና ሊያልፈኝ ሲል ተመለሰ። የምህረት ባል ጴጥሮስ ነው። ሜዳው ባለበት ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል።

«ኤልያስ ነህ?»

«ነኝ።»

«እኔ እኮ ሸምገል ያለ፣ ቦርሳ የያዘ ሰው ነበር የጠበቅኩት።»

ቦርሳ አልነበረኝም። ገመድ፣ ሜትር፣ ሹል ዱላና ቅያሪ ካልሲ በማዳበሪያ ከረጢት ይዣለሁ። ከረጢቱን ከእጄ ተቀብሎ ተሸከመልኝ። ማታ ቆጮ በጎመን በላን። እሱ አንድ ጊዜ ጎርሶ ተወው።

ማክሰኞ፣ ወደ ሜዳው

ማለዳ በእግር ተነሳን። በእንሰትና በገብስ መሃል የሚወጣው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ያልቃል። ተራራው ከላይ እስከ ታች ተቀዶ ቀዩ አፈር ተንዷል። ግዙፍ ዛፎች ሥራቸው ወደ ሰማይ ሆኖ ተኝተዋል። አንድ በአንድ፣ አንዱ የረገጠበትን ሌላው እየረገጠ ተሻገርን። ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል፤ ወንዙ ግን አይታይም።

«በዚህ በቃሬዛ ልናሳልፋት ነበር» አለ ጴጥሮስ። «የጤና ጣቢያው ሲስተር በር ላይ ቆማ፣ በኔ ላይ ተረማምዳችሁ ውሰዷት አለች። ተቆጥቼያት ነበር። አሁን ሳየው ግን…» ሳይጨርሰው ሄደ።

ቀትር ላይ ሜዳው ጋ ደረስን። ምን እንደጠበቅኩ አላስታውስም፤ ያየሁትን ግን አልጠበቅኩም። የተራራው ጀርባ በሰው እጅ የተደለደለ ይመስል ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ከብት የጋጠው አጭር ሳር በቀይ ጠጠር ላይ አልፎ አልፎ ተለጥፏል። በአንዱ ጫፍ የገብስ ማሳ አለ። በሌላው ጫፍ ምንም የለም። መሬቱ ያልቅና ገደል ይጀምራል፤ ደመናው ከእግር በታች ነው። ጭልፊት ከሥሬ ስትበር ጀርባዋን አየሁ።

የአካባቢው ሽማግሌ አቶ ዳልኬ በትራቸውን ተደግፈው ጠበቁን። እሳቸው በጋሞኛ ሲናገሩ ጴጥሮስ ያስተረጉምልኛል። በዚህ አገር መሬት ጠባብ ነው፤ ቤት ጥግ ሳይቀር ይታረሳል። ለምን ይህን ሜዳ እንዳላረሱት ጠየቅኳቸው።

«እንግዳ የገባበት በር አይታረስም» አሉ።

የቀረውን ቀን ሠራሁ። ርዝመቱን በገመድ ለካሁ፤ ተዳፋቱን አየሁ። በሹሉ ዱላ መሬቱን እየወጋሁ የረጠበና የላላ ቦታ ፈለግኩ። ፍልፈል የቆፈረውን ጉድጓድ ሰዎች በጠጠር ሞልተው ጠቀጠቁልኝ። ከብቶቹ ወዲያ ማዶ እንዲታሰሩ ተስማማን። የንፋሱ አቅጣጫ እንዲታወቅ ግንድ ላይ ጨርቅ መሰቀል ነበረበት። አቶ ዳልኬ ቤታቸው ገብተው የራሳቸውን የዱንጉዛ ሱሪ አመጡ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው፣ ለበዓል የሚለበሰው ነው። ከሩቅ ደምቆ ይታያል፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ለስለስ ያለ ንፋስ አያነሳውም፣ አብራሪዋም ንፋስ የለም ብለው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ጴጥሮስ ነገራቸው።

አቶ ዳልኬ ሱሪያቸውን አጣጠፉት። «ሱሪዬን አልፈለጋትም?» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። በምትኩ ስስ ነጠላ ተሰፍቶ ተሰቀለ።

ወደ ማታ ጤና ጣቢያው ገብቼ ምህረትን አየኋት። በግራ ጎኗ ተኝታለች። ወጣት ናት፤ ድምጿ ደከም ያለ ነው።

«አውሮፕላኑ አይወድቅም አይደል?» አለችኝ።

«ካፒቴኗ ካልተማመኑ አያርፉም።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ሲስተሯ ብርድ ልብሷን አስተካከለችላትና «ተኚ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት።

ስልክ የሚሠራው ከሜዳው በላይ ባለ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ለካፒቴኗ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጫፉ ገደል መሆኑን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ጠዋት እንደሚመጡ፣ ከረፋዱ በኋላ ግን ደመናው ተራራውን ስለሚሸፍነው እንደማይሞክሩት ነገሩኝ። ሲስተሯ ደግሞ ሌላ ቀን መጠበቅ እንደማይቻል፣ ምህረት ወገቧን ማመም እንደጀመራት ነግራኛለች።

ረቡዕ ማለዳ

ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ወረድኩና ቆምኩ።

ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የታጨደ ለምለም ሳር ተነጥፎበታል። ጤዛው በላዩ ላይ ያበራል። የሦስት መንደር ሰው፣ ሴቶቹ ሳሩን በሸክም እያመጡ፣ ወንዶቹ እየበተኑ፣ የመጨረሻውን ጥግ በማልበስ ላይ ናቸው። ሽታው ብቻ ልብ ይሞላል። ለአንዲት ሴት ብሎ ይህን ያህል ሰው በጨለማ ተነስቶ ያጨደውን ሳር ሳይ ለተወሰነ ጊዜ መመሪያው ከጭንቅላቴ ጠፋ። እንዲህ ያለ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ተመለሰልኝ። እርጥብ ሳር ላይ ጎማ ቆንጥጦ አይዝም። ፍሬን ቢያዝም አውሮፕላኑ ይንሸራተታል፤ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። የዚህ ሜዳ መጨረሻ ደግሞ ገደል ነው።

ጴጥሮስን ጎትቼ አቶ ዳልኬ ጋ ሄድኩ። ሳሩ መነሳት አለበት አልኩ። ጴጥሮስ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ በዝግታ አስተረጎመው።

በጋሞ ለምለም ሳር ሰላም ነው። ሽማግሌ ሳር ይዞ በጠበኞች መሃል ከቆመ ጠቡ ይቆማል። አቶ ዳልኬ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ትናንት ልብሴን አልፈልግም አለ። ወጣት ነው ብዬ ተውኩት። ይህ ሁሉ ሰው ሰላም ግቡ ብሎ ያነጠፈውን ጠርጎ የሚጥል ግን እንግዳ አይደለም፤ ጠበኛ ነው።»

በቃል ማስረዳት አልሆነልኝም። ወደ ኋላ ሄጄ ባለ በሌለ ኃይሌ ሮጥኩና ሳሩ ላይ ስደርስ ለመቆም ሞከርኩ። ቦቲዬ ከሥሬ አመለጠ። በጀርባዬ ተዘርሬ፣ ተንሸራትቼ፣ ሸክም ይዛ የመጣች ሴትዮ እግር ሥር ቆምኩ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ሴትዮዋ የሆነ ነገር አለች፤ ሳቁ ባሰ።

«ምን አለች?»

«እንግዳው ከአውሮፕላኑ ቀድሞ አረፈ አለች» አለ ጴጥሮስ። እሱ ግን አልሳቀም። ገብቶታል።

አቶ ዳልኬም ትንሽ ፈገግ አሉ። «አንተ ቀላል ነህ፤ አውሮፕላን ከባድ ነው፣ ይረግጠዋል።»

«ከባዱን ሲንሸራተት ማን ያቆመዋል፣ አባባ?» አልኩና ገደሉን አሳየኋቸው።

ወደ ገደሉ አዩ። ከዚያ ጉዳዩን ሽማግሌዎች ይዩት ብለው ተቀመጡ። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁሉም ተራ በተራ ሳይናገር አይነሳም፤ የተናገረውንም ማንም አያቋርጠውም። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ተቀምጬ በደስታ እሰማ ነበር። የገደሉ ደመና ግን ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። በዚህ መሃል ቃሬዛው መጣ። አራት ሰዎች ውኃ የሞላ ዕቃ እንደያዘ ሰው ቀስ እያሉ ምህረትን ሜዳው ዳር አሳረፏት።

ወደ ድንጋዩ ወጥቼ ደወልኩ። ትንሽ ሳር አለበት ብል ይመጡ ነበር፤ ይህ ሐሳብ እንዳልመጣብኝ አልናገርም።

«ካፒቴን፣ ሜዳው እርጥብ ሳር ተነጥፎበታል። አሁን አይሆንም።»

«ይነሳል?»

«አላውቅም።»

«ደመናው?»

«ከታች እየወጣ ነው።»

«እሺ። አውሮፕላኑ ውስጥ ነኝ። ሳሩ ሲነሳ ደውል። ካልተነሳም ደውል።»

ስወርድ ሦስተኛው ሽማግሌ እየተናገሩ ነበር። ጴጥሮስ ከቃሬዛው አጠገብ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ከሜዳው አንድ እፍኝ ሳር ወሰደ። ሽማግሌዎቹ መሃል ገብቶ፣ ሳሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ አቶ ዳልኬ ፊት ተንበረከከ። ተናጋሪው አቆሙ። ሳር ይዞ የተንበረከከ ሰው እምቢ አይባልም። ጴጥሮስ አንድ አጭር ነገር ብቻ ተናገረ። ምን እንዳለ ኋላ ነው የነገረኝ፤ «ሳሩን አንሱልኝ» ነው ያለው።

የሰላሙን ሳር ይዞ የሰላሙ ሳር እንዲነሳለት ለመነ። እንዲህ ያለ ልመና ከዚያ በፊት የሰማ እንደሌለ ከሽማግሌዎቹ ፊት ያስታውቅ ነበር።

አቶ ዳልኬ ሳሩን ከእጁ ተቀበሉ። ተነሱና ሜዳውን ተሻግረው ወደ ጠርዙ ሄዱ። እዚያ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው ጮክ አሉ። ጴጥሮስ እያለቀሰ አስተረጎመልኝ።

«አይጣልም። ይነሳና በግራና በቀኝ ይቀመጥ። እንግዳው በመሃል ይግባ።»

ሦስት መንደር ሰው ጎንበስ አለ። ሳሩን በእቅፍ በእቅፍ እያነሱ፣ ሁለቱ ጠርዞች ላይ ደረደሩት። አሮጊቶች በቅጠል መጥረጊያ የቀረውን ለቀሙ። አንድ ሰው ሲዘፍን ሌላው ተቀበለው። ሁሉም ሲያልቅ ቀዩ ጠጠር ወጣ። በሁለቱም ጎን ወፍራም አረንጓዴ መስመር ተዘርግቶ ነበር። መመሪያው የማረፊያ ጠርዝ ከአየር ላይ በግልጽ እንዲታይ ምልክት ይደረግ ይላል። ይህን ያህል ግልጽ ምልክት በሥዕል እንኳ አላየሁም።

ፀሐይዋና ንፋሱ መሬቱን እስኪያደርቁት ጠበቅኩ። እንደገና ሮጬ ለመቆም ሞከርኩ። ቆምኩ። ሰዉ ወደ ቁልቁለቱ ራቅ ብሎ እንዲቆም ለመንኩና ወደ ድንጋዩ ወጣሁ።

«ተነስቷል። ጠጠሩ ደርቋል። ንፋሱ ከገደሉ በኩል ነው፤ ለስላሳ ነው። ደመናው ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆሟል።»

«መጣሁ» አሉ።

ድምፁ ቀድሞ መጣ። ከዚያ በገብሱ ማሳ በላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ታየች። አንድ ጊዜ ሜዳውን አቋርጠው አለፉ፤ መሬቱን በዓይናቸው እያዩ እንደሆነ አውቄያለሁ። ዞሩ። ያጠብኳት፣ ነዳጅ የቀዳሁላት አውሮፕላን በሁለቱ አረንጓዴ መስመሮች መሃል ወርዳ ጎማዋ ጠጠሩን ሲነካ ባለሁበት ተቀመጥኩ። ከገደሉ ብዙ ርቃ ቆመች። ሰዉ እልል አላለም። ሁሉም እጁን አፉ ላይ አድርጎ አየ።

ካፒቴን ሮማን ወርደው ከምህረት ጋር አብሮ የሚሄደው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጴጥሮስ ወደ ፊት መጣ።

«ሲስተሯ ትሂድ» አሉ። «በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፏ ቆላ ላይ የሚያነሳውን እዚህ አያነሳም። አንተን ብጨምር ያ ጫፍ ላይ ስንደርስ ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

ጴጥሮስ «እሺ» አለ። ጋቢውን አውልቆ ምህረት ላይ ደረበላት። እሷ እጁን ይዛ አልለቅ አለች። ሲስተሯ ቀስ ብላ አላቀቀቻቸው።

አውሮፕላኗ ከገብሱ ጫፍ ተነስታ መሮጥ ጀመረች። ሜዳውን ሁሉ በላችው። ጫፉ ላይ ጎማዋ ሲነሳ አየሁ፤ ከዚያ ከጠርዙ በታች ወርዳ ከዓይናችን ጠፋች። ጴጥሮስ ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ። ከደመናው ማዶ ብቅ አለች፤ ከፍ እያለች፣ ወደ አባያ ዞራ፣ ሄደች። አንድ ሰው ተጨምሮባት ቢሆን ብዬ ማሰብ አልፈለግኩም።

ሐሙስና ዓርብ፣ መመለሻ

ከጴጥሮስ ጋር ናዳውን ተሻግረን፣ ካምባ አድረን፣ በአይሱዙ ወደ አርባ ምንጭ ወረድን። ገረሴ ላይ ኩርኩፋ አዘዝኩለት፤ ስልኩን እያየ ሳይበላው ቀዘቀዘ። ኔትወርክ አልነበረም። ሆስፒታል ስንደርስ ሲስተሯ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷት አገኘናት። ነቃ አለችና ፊቱን አየች።

«ሴት ናት» አለችው። «እናትየዋም እየተቆጣች ነው፤ ስልክህ ለምን አይሠራም ብላ።»

ጴጥሮስ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ቤት ገብቼ እግሬን ታጥቤ መመሪያውን ገለጥኩ። ስለ እርጥብ ሳር የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከዚህ ጉዞ በፊት አጥንቼው አልፌው ነበር። አሁን ግን ያቺ መስመር የተጻፈችው አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው ተንሸራትቶ ስላልቆመ እንደሆነ ታየኝ። ከሥሯ እኔ የማላውቀው ሜዳ አለ፤ ዳር ቆሞ ያየ ሰውም አለ። እያንዳንዱ መስመር እንዲህ ነው ማለት ነው። የዚያን ማታ ብዙ ገጽ ማንበብ አልቻልኩም።

ካፒቴን ሮማን የድርጅታችን የጠጠር ማረፊያ መመሪያ ላይ የጎደለ ካለ ጻፍ አሉኝ። ይህን ጻፍኩ፤ «እባካችሁ፣ እንግዳ ለመቀበል የታጨደ ሳር በማረፊያው ላይ አይነጠፍ፤ በግራና በቀኝ ጠርዝ ይደርደር።»

ካፒቴኗ አነበቡና ብዕራቸውን አነሱ። «መመሪያ ላይ እባካችሁ አይባልም» አሉኝ።

ጴጥሮስ እንዴት እንደተንበረከከ አልነገርኳቸውም ነበር። ነገርኳቸው። ወረቀቱን እንደገና አዩት፤ ምንም ሳይሰርዙ ፈረሙበት።